አማቴ «በእንግሊዝኛ ጸሎት አይሆንም» አሉኝ

ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ካናዳ፣ ብራምፕተን ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ እዚሁ የተወለደ ፑንጃቢ ነው፣ ሲክ። ማንም አላስገደደኝም። መጀመሪያ ጉርድዋራ፣ ቤተ ጸሎታቸው፣ የሄድኩት ለምሳ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። እየቆየ ግን ጸሎታቸው ልቤን ያዘው። አሁን ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ጀፕጂ ሳሂብን፣ ማታ ደግሞ ኪርተን ሶሂላን ከስልኬ ላይ በእንግሊዝኛ አነባለሁ። ፑንጃቢኛዬ ከ‹ነይ ብዪ› አያልፍም። ባለፈው ሳምንት አማቴ ድምፄን አውጥቼ ሳነብ ሰሙኝና ‹ፑት፣ ይሄ እኮ ወሬ ነው፣ ባኒ አይደለም› አሉኝ። ፑት ልጄ ማለታቸው ነው፣ ባኒ ደግሞ ቅዱሱ ቃላቸው። በክፋት አልነበረም፣ ግን ከውስጤ አልወጣልኝም። ባለቤቴ ‹ተያቸው ባክሽ፣ ዋናው ልብ ነው› ይለኛል። እሱ ራሱ አይጸልይም። ይህን ሁሉ ወር ያነበብኩት ባዶ ነው ማለት ነው? ወይስ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ፊደል ልቁጠር? ምራት ነኝ፣ ከብራምፕተን።»

እህቴ ምራት፣

አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እኔ ሲክ አይደለሁም። ፑንጃቢዎች ጎረቤቶቼ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ጉርድዋራቸው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ምስር በዳቦ ደጋግሜ በልቻለሁ። የማውቀው ከእነሱ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ነው። ደግሞ ይህን ዓምድ ከሚያነቡት መካከል «ያበሻ ልጅ እዚያ ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። አንቺ እሱን አልጠየቅሽኝም። እንለፈው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ፊቴ ድቅን ያለችው አያቴ ናት። አያቴ በየቀኑ ዳዊት ትደግም ነበር፣ የዕለቱን፣ በግዕዝ። ግዕዝ ታውቃለች ወይ ብትዪኝ፣ አታውቅም። ንባቡን ይዛዋለች፤ ትርጉሙ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ አይገባትም። ልጅ ሆኜ «እማማ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ስላት ንባቡን ሳታቋርጥ በእጇ ገፋ ታደርገኛለች። ኋላ አጎቴ የአማርኛ ዳዊት ገዛላት። ለዓይኗ እንዲመች ብሎ ፊደሉ ደመቅ፣ ተለቅ ያለውን መርጦ ነው። ሁለት ቀን ሞከረችው። በሦስተኛው ቀን አጥፋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችውና «ለዛ የለውም። ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ» አለች።

የአማትሽን «ወሬ ነው» ሳነብ ሳቄ የመጣው ለዚህ ነው። ሁለቱ ቢገናኙ ኖሮ ያለ አስተርጓሚ ይግባቡ ነበር።

አያቴ አልተሳሳተችም። ያ ንባብ በአፏ ውስጥ ስልሳ ዓመት ኖሯል። ሐዘን ሲመጣ፣ ልጅ ሲታመም፣ ሳታስበው የሚወጣላት እሱ ነው። ግን እሷ ትክክል ስለሆነች አጎቴ ተሳሳተ ማለት አይደለም። መስኮት ላይ የቀረውን የአማርኛውን ዳዊት ወስዶ ዕድሜውን ሙሉ ያነበበው እሱ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሲኮች የዕለት ጸሎታቸውን ኒትኔም ይሉታል። የአኗኗር ደንብ አላቸው። አምሪትሰር ያለው የጉርድዋራዎች አስተዳደር ኮሚቴ በ1945 በፈረንጅ አቆጣጠር ያጸደቀው ነው። ምን መቼ እንደሚባል በግልጽ ተቀምጧል። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ጀፕጂ፣ ጃፕ እና አሥሩ ስወይዬ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሬህራስ። ከመኝታ በፊት ሶሂላ። አማትሽ ጠዋት ላይ ቾፓይንና አናንድ ሳሂብንም ቢጨምሩ አይግረምሽ፤ በብዙ ቤት እንደዚያ ነው። ታዲያ ይኸው ደንብ ሲክ የሆነ ሰው ጉርሙኪ መማር አለበት ይላል። ጉርሙኪ ፊደላቸው ነው። ስለዚህ አማትሽ ከራሳቸው ፈጥረው አልተናገሩም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። አምሪት የተቀበለ፣ ማለትም የቃል ኪዳን ሥርዓታቸውን የፈጸመ ሰው ኒትኔሙ ግዴታው ነው። አንቺ አልተቀበልሽም። አንድ ቀን ልቀበል ካልሽ ሥርዓቱን የሚፈጽሙት አምስቱ ሰዎች ምን እንደምታነቢ ራሳቸው ይነግሩሻል። የቋንቋውን ነገር ያኔ እነሱን ጠይቂ። ዛሬ ላይ ግን ማንም የሚቆጥርብሽ ዕዳ የለም።

«ባዶ ነው ወይ?» ላልሽው፣ አይደለም። ይህን ስል ላባብልሽ ብዬ አይደለም። በ1469 የተወለደው ጉሩ ናናክ፣ የሃይማኖቱ መሥራችና የመጀመሪያው ጉሩ (መምህር)፣ የዘመረው ሕዝቡ በሚሰማው አፍ ነው። ያኔ የቤተ መቅደሱ ቋንቋ ሳንስክሪት፣ የመስጊዱ ዓረብኛ ነበር። ቅዱስ መጽሐፋቸውን ጉሩ ግራንት ሳሂብን ብታዪው ደግሞ 1430 ገጽ ሙሉ የቋንቋ ገበያ ነው። ፑንጃቢኛ አለ፣ የሰሜን ሕንድ መናኞች የሚግባቡበት ድብልቅ አነጋገር አለ፣ ፋርስኛ አለ። ከደራሲዎቹ መካከል ሙስሊሙ ፋሪድ፣ ሸማኔው ከቢር፣ ጫማ ሰሪው ረቪዳስ ይገኙበታል። አምስተኛው ጉሩ፣ ጉሩ አርጁን፣ አንዱ እግዜርን ራም ብሎ ይጠራዋል፣ ሌላው ኹዳ ብሎ ይጠራዋል የሚል ዝማሬ አለው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞ «እግዜር አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚሰማ» የሚል ሰው አይኖርም።

አማትሽም እንደዚያ አላሉም። እዚህ ላይ በደንብ አዳምጪኝ፣ ምክንያቱም ቅሬታሽ ያለው እዚህ ነው። በ1708 አሥረኛው ጉሩ፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ ከእንግዲህ ጉሩው መጽሐፉ ነው ብሎ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሲኮች ሰው የሆነ ጉሩ የላቸውም። ቃሉ ራሱ ነው ጉሩ። ባኒ የሚሉት ያንን ከአፍ የወጣ ቃል ነው፣ ከነድምፁ፣ ከነምቱ። ስለዚህ ትርጉም ስታነቢ አማትሽ የሚሰማቸው ጉሩ ሲናገር አይደለም። አንድ ሌላ ሰው ጉሩ ያለውን ሲነግርሽ ነው የሚሰማቸው። «ወሬ» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ ወሬ ማለት እኮ ከሌላ ሰው የሰማሽው ነው።

ሲኮቹ ቁስልም አለባቸው። ጽሑፋቸውን በሰፊው ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ መጀመሪያ የሞከረው ኧርነስት ትሩምፕ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው፣ በ1877። ለመጽሐፉ ንቀት ነበረው፤ ያንንም አልደበቀውም። በ1909 አየርላንዳዊው ማካሊፍ ከሲክ ሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ስድስት ጥራዝ አውጥቶ ነገሩን አለዘበው። እስከ ዛሬ ግን ትርጉም ሲነሳ ጆሮ የሚያቆሙ አሉ።

አሁን ስልክሽን አውጪና የጀፕጂን የመጀመሪያ ፓውሪ (አንቀጽ) ክፈቺ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ሶቼ ሶች ነ ሆቨኢ፣ ጄ ሶቺ ለክ ቫር።» ያንቺ እንግሊዝኛ ምናልባት «በማሰብ አይደረስበትም፣ መቶ ሺህ ጊዜ ቢያስቡም» የሚል ነው። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ፕሮፌሰር ሳሂብ ሲንግ የሚባሉት ትልቁ የፑንጃብ ተርጓሚ ግን እዚህ «ሶች» ማለት ንጽሕና ነው ይላሉ። በእሳቸው ትርጓሜ «መቶ ሺህ ጊዜ ብትታጠብም ውስጥህ አይነጻም» ነው። አንድ መስመር፣ ሁለት ትምህርት። አንዱ ለፈላስፋ ነው፣ ሌላው ወንዝ ለወንዝ እየዞረ ለሚጠመቅ።

የኛ የመጻሕፍት መምህራን ቢሆኑ «አንድም» ብለው ሁለቱንም አስቀምጠው ያልፉ ነበር። እንግሊዝኛው አንድም የለውም። አንዱን ይመርጥና በሩን ይዘጋዋል። አንቺም የተዘጋ በር እንዳለ ሳታውቂ ታልፊያለሽ። በእንግሊዝኛ ማንበብ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሌላ ክፋት አላየሁበትም። መድኃኒቱም ቀላል ነው። ከአንድ ትርጉም ላይ አትጣበቂ። ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን ይዘሽ፣ የሚለያዩበት ቦታ ስትደርሺ ቆም በዪ። እዚያ ቦታ ላይ የፑንጃቢኛው ቃል አንድ ነገር ደብቋል ማለት ነው።

የጀፕጂን መክፈቻ ሙል መንተርንም ተመልከቺ። በእንግሊዝኛው «እሱ» የሚል ቃል ታገኛለሽ፣ «ነው» የሚልም። በፑንጃቢኛው ሁለቱም የሉም። ስሞች ብቻ ናቸው፣ ተራ በተራ እንደ ዶቃ። አንድ። ስሙ እውነት። ፈጣሪ። ፍርሃት የሌለበት። ጠላትነት የሌለበት። «እሱ»ን የጨመረው ተርጓሚው ነው። አንዳንዶቹማ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለሽ እስኪመስልሽ ድረስ «ጌታ ጌታ» ያበዛሉ። አርዳስ የሚሉት የመዝጊያ ልመና ከመድረሱ በፊት ግን «አንተ እናትም አባትም ነህ፣ እኛ ልጆችህ» የሚል ስንኝ ይባላል። ይህን አማትሽ በቃላቸው ያውቁታል፤ ጠይቂያቸው።

እዚያው ሙል መንተር ውስጥ «አካል ሙረት» የሚል አለ። ተጠንቀቂ! ያበሻ ጆሮ «አካል» ሲሰማ ሰውነት ነው የሚመጣበት። በፑንጃቢኛ «ካል» ጊዜ ነው፣ ሞትም ነው። «አ» አፍራሽ ናት። አካል ማለት ጊዜ የማይገዛው፣ ሞት የማይደርስበት ነው። የኛው አካል ተቃራኒ ማለት ይቻላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ለጎረቤቴ «ለምን ስለ ሰውነት ትዘምራላችሁ?» ብዬ ከተሳቀብኝ በኋላ ነው።

ይሄ ወደ ሌላ ነገር ይወስደኛል። ደብዳቤሽ ላይ ሁለት ቋንቋ ብቻ ነው ያነሳሽው። እንግሊዝኛ ወይስ ፑንጃቢኛ? እንግሊዝኛ የአማትሽ ቋንቋ አይደለም፣ ያንቺም አይደለም። ፈረቃ የምትቀያየሪበት፣ ፎርም የምትሞዪበት ቋንቋ ነው። ለምንድነው አማርኛሽን ከጨዋታው ያስወጣሽው?

ምሳሌ ልስጥሽ። የጀፕጂ መዝጊያ ላይ «ፐቨን ጉሩ፣ ፓኒ ፒታ፣ ማታ ድረት መሀት» ይላል። ነፋስ ጉሩ፣ ውሃ አባት፣ ታላቋ ምድር እናት። («ማታ»ም እናት ናት፣ ምሽት አይደለችም።) ቀጥሎ ቀንና ሌሊት ሁለት «ነርሶች» ናቸው ይልሻል እንግሊዝኛው። አንቺ መጦሪያ ቤት የምትሠሪ ሴት ነሽ። ነርስ ስትዪ የሚታይሽ ጓንትና የደም ግፊት መለኪያ ነው። የፑንጃቢኛው ቃል ግን ሞግዚት ነው። ቀንና ሌሊት ሁለት ሞግዚቶች፣ ዓለም በሙሉ እቅፋቸው ውስጥ ሲጫወት። አየሽ? በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ ነው የተቀየረው፣ ሥዕሉ ግን ጭራሽ ሌላ ሆነ።

ስለዚህ ደብተር ግዢ። የወረቀት፣ ስልክ ላይ አይደለም። በግራ ገጽ ላይ ፑንጃቢኛውን በኛ ፊደል ጻፊ፣ በቀኝ አማርኛውን በራስሽ አባባል። እንግሊዝኛው መሸጋገሪያ ድልድይ ይሁንልሽ እንጂ ማደሪያ አታድርጊው።

በኛ ፊደል ያልኩሽ ለናፍቆት ብዬ አይደለም። የላቲኑ አጻጻፍ አፍሽን ያበላሸዋል። «ጀፕጂ» እና «ጃፕ» ሁለት የተለያዩ ጸሎቶች ናቸው። ጀፕጂ የጉሩ ናናክ፣ ጃፕ የጉሩ ጎቢንድ ሲንግ። በላቲን አንድ «ኤ» እና ሁለት «ኤ» እየቆጠርሽ ነው የምትለያቸው። በኛ ግን አንዱ ጀ ነው፣ ሌላው ጃ ነው፤ አለቀ። አጭሩን ድምፅ በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ ያዢው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን የኛ ፊደል አይደርስም። ፑንጃቢዎች ምላሳቸውን ወደ ላይ አጥፈው የሚያወጧቸው ድምፆች አሉ፣ ትንፋሽ የሚጨምሩባቸውም አሉ። እነዚያን በጠ እና በቀ አትጻፊያቸው! የኛ ጠ ሌላ ነገር ነች። በትና በክ ጽፈሽ ከላይ ነጥብ አድርጊባቸው፤ ድምፁን ከሰው አፍ ትወስጃለሽ።

ፊደል ልቁጠር ወይ ላልሽው ደግሞ፣ ቁጠሪ። ጉርሙኪን ያደራጀው ሁለተኛው ጉሩ፣ ጉሩ አንገድ ነው ይባላል። መሠረቱ 35 ሆሄ ነው፤ ስሙም «ፔንቲ»፣ ሠላሳ አምስት ማለት። አሠራሩ ከኛ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሆሄው ላይ ምልክት እየተጨመረ ካ፣ ኪ፣ ኩ ይሆናል። ልጆቻቸውም ሙሃርኒ እያሉ ልክ እንደ ሀሁ በዜማ ይጮሁታል። እንዲያውም ካንቺ ፊደል ይቀላል፣ ምልክቱ ከሆሄ ሆሄ አይለዋወጥም። ከሀ እስከ ፐ 231 ፊደል የቆጠረች ልጅ 35 ያቅታታል? ካናዳ የተወለደ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ልጅ ነው እዚህ የሚቸገረው። ባለቤትሽን ማለቴ አይደለም።

ማንበብ ስትጀምሪ አንድ ነገር ያደናግርሻል። የተጻፈው «ሰቲ ናሙ» ሆኖ አማትሽ «ሰት ናም» ይላሉ። አልተሳሳቱም። በባኒ ውስጥ ቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣ አጭር ኢ ወይም ኡ አብዛኛውን ጊዜ አትነበብም፣ ሰዋስው ብቻ ናት። ነጠላ ነው ብዙ፣ ባለቤት ነው ተሳቢ የሚለውን ትነግርሻለች። ደግሞም የኛን «ገና» በዓሉን ነው ወይስ «ገና አልመጣም»ን ነው ብሎ ለሚጠይቅሽ ፈረንጅ ምን ትመልሺለታለሽ? ሰምተሽ ነው የምታውቂው። ይሄም እንደዚያው ነው።

ከየት ልጀምር ካልሽኝ ከማታው ጀምሪ። ሶሂላ አጭር ናት። አምስት ዝማሬ ብቻ፣ ሦስቱ የጉሩ ናናክ፣ አንዱ የጉሩ ራም ዳስ፣ አንዱ የጉሩ አርጁን። ሦስተኛው ዝማሬ ላይ ሰማዩ ትሪ ይሆናል፣ ፀሐይና ጨረቃ መብራት፣ ከዋክብት የተበተኑ ዕንቁዎች። ናናክ ፑሪ ከተማ ቤተ መቅደስ ውስጥ በትሪ ላይ መብራት እያዞሩ ሲያመልኩ አይቶ የዘመረው ነው ይባላል። እሱን ከወደድሽው ቀሪው አይከብድሽም።

ጀፕጂን ግን ባንዴ ልዋጠው አትበዪ። 38 ፓውሪ አለው። በሳምንት አንድ ብትይዢ ዓመት ሳይሞላ ትጨርሺዋለሽ። የያዝሻትን በፑንጃቢኛ ትያለሽ፣ ሌላውን እንደ እስካሁኑ በእንግሊዝኛ ታነቢያለሽ። ማንም ሰዓት ይዞ አይጠብቅሽም። የጠዋቱ ፈረቃ የሚያጣድፍሽ ቀን ሙል መንተርን ብቻ ብለሽ ውጪ። ጫማ አውልቂ፣ ራስሽን ሸፍኚ፤ ነጠላ ካለሽ ይበቃል።

ደግሞ ከማንበብ በፊት ማዳመጥ አለ። ጀፕጂ ራሱ ከ8ኛው እስከ 11ኛው ፓውሪ የሚያወራው ስለ መስማት ብቻ ነው። አራቱም የሚዘጉት ሐዘንና ኃጢአት በመስማት ይጠፋል እያሉ ነው። «ተረድቶ» አይልም፣ «አጥርቶ አንብቦ»ም አይልም።

ባለቤትሽ «ዋናው ልብ ነው» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከማይጸልይ ሰው ሲመጣ ትንሽ ይቀልላል። ከእናቱ ጋር ለሚኖርሽ ነገር ዳኛ አታድርጊው። አማትሽ ያንቺ ዳኛ አይደሉም፣ ቤት ውስጥ በነጻ ያገኘሻቸው መምህርሽ ናቸው። እንግሊዝኛውን ከእሳቸው ፊት አትደብቂ፣ ክርክርም አትግጠሚ። «ትርጉሙን ከዚህ አየሁት፣ ድምፁን እርስዎ ያስተምሩኝ» በያቸው። ስንት ዓመት ለብቻቸው ሲያነቡ የኖሩ ሴት ይህን ጥያቄ ከልጃቸው ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

የአርዳስ ነገር ቀረ። ከጸሎቱ በኋላ ቆመሽ እጅሽን አጣጥፈሽ የምትዪው ነው። መጀመሪያውና መጨረሻው አይነካም፣ የተወሰነ ነው። መሐሉ ላይ ግን የራስሽን ጉዳይ የምትለምኚበት ቦታ አለ። እሱን በፈለግሽው ቋንቋ በዪው። ለእናትሽ ጉልበት፣ ለወንድምሽ ሥራ ስትለምኚ በእንግሊዝኛ አታስቢው። በአማርኛ ይውጣልሽ።

ዛሬ ማታ አማትሽ ሶሂላ ሊያነቡ ሲቀመጡ ነጠላሽን ተከናንበሽ ከጎናቸው ቁጭ በዪ። ስልክሽን ሳሎን ተይው። ሲጨርሱ ደብተርሽን አውጪና ከጀፕጂ መዝጊያ ያችን ምድር የምትለዋን ቃል፣ «ድረት»ን፣ እንዲሉልሽ ጠይቂያቸው። የመጀመሪያው ድምፅ ለኛ ጆሮ ደ ነው ተ ነው ያሰኛል። ሦስት ጊዜ ያስደግሙሻል። ሦስቱንም ትስቻለሽ፣ እሳቸውም ይስቃሉ።